በአንድ በርሜል ስንት ዓሣ

ጥቅምት 4

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። የዘጠነኛ ቢን ፈተና አረምኩ። አንዱ «አጥንት የሌለው ዓሣ አለ» ብሎ ጽፏል። ሻርክ ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፤ ገምቶ ከሆነ ደግሞ ዕድለኛ ነው። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ፈርሂያ የመምህራን ክፍሉ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። የሼህ አብዱልጀሊል ልጅ። አሥረኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ጂዳ ሄዳ ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። አሁንም «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ሱቅ ትከፍታለች ሲባል፣ እሷ ከከተማው በታች የአባቷ መሬት ላይ ኩሬ አስቆፈረች። ለዓሣ። ሰው ስቋል። እኔም በሆዴ ትንሽ ስቄያለሁ።

«ቲቸር፣ አንድ በርሜል ስንት የዓሣ ጫጩት ይይዛል?»

ውኃችን ቀዝቃዛ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይኖርበታል፣ ይወፍርበታል፣ ግን አይራባበትም። ስለዚህ ጫጩቱ ከሐይቅ ከተማ ተጭኖ መምጣት አለበት፤ በደሴ፣ በአቀስታ አድርጎ። ለሙከራ ብላ ባለፈው ግንቦት ሃያ ትልልቅ ዓሣ በአንድ በርሜል ውኃ አስመጥታ አንድም አልሞተባት። እያንዳንዱ መቶ ግራም ነበረ። ሃያው ሁለት ኪሎ። ጫጩት ደግሞ አንዱ ሁለት ግራም ነው...

በፈተና ወረቀት ጀርባ ሠራሁላት። ሁለት ኪሎ ለሁለት ግራም ሲካፈል፣ ሺህ።

«ሺህ ጫኚ» አልኳት።

«ወላሂ? አይበዛም?»

«ጭነት ጭነት ነው። ኩንታል ጤፍም ኩንታል ባቄላም ለበቅሎዋ ያው ነው።»

ሳቀች። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው እንዲህ ነው።

ጥቅምት 12

ሞቱ።

በርሜሉ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ላዩ ሁሉ ነጭ። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው... ሼህ አብዱልጀሊል ዱዓ ሊያደርጉ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እንደዘረጉ ቀሩ።

ፈርሂያ አላለቀሰችም። የሻይ ማጥለያ ይዛ ጎንበስ አለችና በሕይወት ያሉትን አንድ በአንድ እያወጣች ቆጠረች። ጮክ ብላ። ሠላሳ አንድ። ከሺህ ሠላሳ አንድ።

ያመጣው አድማሴ ነው፤ የአይሱዙ ሾፌሩ። ግንቦት ላይም ያመጣው እሱ ነበር። መንገድ ላይ ቆሞ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አቀስታ ምሳ በላሁ። ምነው?»

«ስንት ሰዓት ቆምክ?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«በቃ፣ እሱ ነው» አልኩ። ሃያ ሠላሳ ሰው ፊት። መኪናው ሲንቀሳቀስ ውኃው ይናጣል፣ አየር ያገኛል፤ ሲቆም ግን ይታፈናሉ... እያልኩ አስረዳሁ። ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ አድማሴ ዞረ። እሱ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ጥቅምት 13

ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት። ሁለት ሺህ ግራም ለሁለት። ሺህ። ልክ ነው።

ጥቅምት 21

ከተማው ለአድማሴ ስም አውጥቶለታል። «ምሳ»። መኪናው ሲያልፍ ልጆች ከመንገድ ዳር «ምሳ! ምሳ!» ይላሉ። ወሎ ስም ለማውጣት ማን ብሎት። ለባለቤቴ ለየሻለም ስነግራት እንጀራ እስኪያንቃት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥቅምት 27

ሼሁ ቤት ነበርኩ። የፈርሂያ ወንድም ሰዲቅ ከሪያድ ደውሎ ኖሯል። «ኩሬውን ድፈኚውና ጎመን ትከይበት፤ ቪዛ እየጨረስኩልሽ ነው» ይላል። የሰው ቤት ሥራ ነው፣ እንደ በፊቱ። ሦስት ዓመት።

ፈርሂያ፦ «አንዴ እሞክራለሁ። ከረመዳን በኋላ። ያኔም ከሞቱ እሄዳለሁ።»

ሼሁ ከዚህ በፊት ሰባት ዓመት ጠብቀዋታል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሌላ ሦስት ዓመት...?

ዓሦቹን ማን ገደላቸው ሲባል እሷ «ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ» ትላለች። እኔ «ምሳ ነው» እላለሁ። አንዱን በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። አስረዳለሁ።

ኅዳር 3

ዑበይዳ ይባረክ። ባሕር ዳር የውኃ ምርመራ ላይ የሚሠራ የድሮ ተማሪዬ ነው። ውኃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ አውሶኛል፤ ጫፉ ላይ እርሳስ የሚያህል ነገር አለው፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር ቁጥር ያሳያል። «ጋሼ አደራ፣ እንዳይወድቅ» ብሎኛል አራት ጊዜ።

ሠላሳ አንዱን ጫጩት ፈርሂያ ከአጎበር በሰፋችው ቅርጫት ውስጥ፣ ኩሬው ጥግ ላይ አድርጋቸዋለች። የግንቦቶቹ ትልልቆች የኩሬውን መሐል ይዘውታል። ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ሙሉ ቀን እዚያ ዋልኩ።

አሠራሬ ቀላል ነው። ዓሣውን ውኃ በሞላ ዕቃ ውስጥ አድርጌ እከድናለሁ፤ ትልቁን በባልዲ፣ ትንንሾቹን በማርማላታ ብርጭቆ። ሲገቡ ኦክስጅኑን አነባለሁ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አነባለሁ። የጎደለው የተነፈሱት ነው። ከዚያ ዓሣውን በትምህርት ቤቱ ሚዛን መመዘን። የቆመ ውኃ ኦክስጅን በአንድ ሰዓት ስንት እንደሚጎድል ይታወቅና የአድማሴ ምሳ በወረቀት ላይ ይቀመጣል።

ትልቁ ዓሣ መቶ ሃምሳ ግራም ደርሷል። ትንሹ ሦስት ግራም። ሃምሳ እጥፍ ነው የሚበልጠው። የሚተነፍሰው ግን... ሃያ ሦስት እጥፍ ብቻ?

መሣሪያው ሳይበላሽ አልቀረም።

ኅዳር 10

መሣሪያው ደህና ነው። ሌሎች ሦስት ትልልቅ ለካሁ፣ ሌሎች አሥር ትንንሽ ለካሁ። ያው ነው። ትንንሾቹ በክብደታቸው ልክ ሲታይ ከትልልቆቹ ከእጥፍ በላይ ነው የሚተነፍሱት።

ፈርሂያ ጎኔ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየች። «ያሳዝናሉ፣ አሁንም ይፈራሉ» አለች። እሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ያ በርሜል ያስደነገጣቸው ናቸው፤ ምናልባት ውስጣቸው ታሟል። ድንጋጤው ሲለቃቸው ትንፋሻቸው ይስተካከላል። በየወሩ እነዚሁኑ መለካት ነው።

ኅዳር 12

የሚካኤል ዕለት። ምንም አልሠራሁም። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 1

ጫጩቶቹ ስድስት ግራም ገብተዋል። እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። ትንፋሻቸው ግን እጥፍ አልሆነም፤ አንድ ነጥብ ሰባት እጥፍ።

እየተረጋጉ ነው እንግዲህ። እንዳልኩት።

ጥር 6

ዐሥራ ሁለት ግራም። ከኅዳር አራት እጥፍ ከበዱ። ሦስት እጥፍ ተነፈሱ።

የታመመ ዓሣ አይመስሉም። ጥላዬን ሲያዩ ምግብ የመጣ መስሏቸው ዘለው አጎበሩን ይመቱታል። አንደኛው ፊቴ ላይ ውኃ ረጨብኝ። የሻለም «ከኔ ይልቅ እነሱ ጋ ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ቅርፊት አውጥተህ ትመጣለህ» አለችኝ። ቅር ያላት መስሎኝ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ስንቄን ቋጥራ በር ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

እንደዚህ ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ለማንም ብዬ አይደለም። የጥር ፀሐይ፣ ውኃ፣ ደብተር። ሼሁ አንዳንዴ ምርኩዛቸውን ይዘው ይወርዱና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

የካቲት 14

ሁዳዴ ገባ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የየዓመቱ ክርክር መምህራን ክፍል ውስጥ ተነሣ። እኛ ቤት ክርክር የለም። የሻለም «ደም ያለው ነው» ካለች አለቀ። ዓሣ ስለካ የምውል ሰው ዓሣ ሳልቀምስ ሃምሳ አምስት ቀን።

ከሰዓት አድማሴን ገበያ ላይ አየሁት። ሰላም ልለው እጄን ሳነሣ ዞር አለ።

መጋቢት 9

ሃያ አራት ግራም። ስምንት እጥፍ። ትንፋሽ አምስት ነጥብ ሦስት እጥፍ።

ፍርሃት አይደለም። አምስት ወር የሚፈራ ዓሣ የለም። ሕመምም አይደለም። እያደጉ ነው፤ ባደጉ ቁጥር እያንዳንዱ ግራም ሥጋቸው ትንሽ ትንሽ ትንፋሽ ይበቃዋል። እነዚያው ዓሦች፣ ያው ውኃ።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ሁልጊዜ «ሎጋሪዝም ምን ይሠራል?» ይሉኛል። እኔም መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ክብደቱንም ትንፋሹንም ወደ ሎጋሪዝም ቀይሬ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩ። ከታች ትንንሾቹ፣ በአራት ወር ውስጥ ሽቅብ እየወጡ። ከላይ በኅዳር የለካሁት ባለ መቶ ሃምሳ ግራሙ። ማስመሪያ አስቀመጥኩ። ሁሉም አንድ መስመር ላይ ተኙ። ትልቁም ጭምር። መስመሩ አምስት ወደ ጎን ሲሄድ አራት ወደ ላይ ይወጣል። አምስት ለአምስት ቢሆን ኖሮ የኔ የጤፍና የባቄላ ሒሳብ ልክ ይሆን ነበር።

አምስት ለአምስት አይደለም።

ስለዚህ... ሻይ ልጠጣ።

መጋቢት 17

እሑድ። ረመዳን ከገባ አራተኛ ቀን። ከሰዓት ሼሁን ልጠይቅ ሄድኩ። ግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ቁርአን የሚቀሩት ደረሶች ተበታትነው ተኝተዋል፤ ትንንሾቹ በተለይ እንደ ጠወለገ ቅጠል።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ጿሚ ነን ብለው ነዋ። አትችሉም ብላቸው እምቢ አሉ። እስከ ስድስት ሰዓት ይፏልላሉ፣ ከዚያ ይኸውልህ።» ሳቁ። «መምህር፣ እኔን ስልሳ ዓመት ሙሉ ያጾመኝ ጉልበት መስሎህ? አይምሰልህ። ትልቅ ገላ ቀስ ብሎ ነው የሚነደው። ጭራሮ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ጉቶ ያድራል።»

ከዚያ የድሮ ነገር አጫወቱኝ። መንደሩ ለደረሳ ምግብ የሚያወጣው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም እኩል። አንድ ዘመን አንድ ቆጣቢ ነኝ ባይ ተነሣና «ትንንሾቹ የትልቁን ግማሽ ስለሚሆኑ በግማሽ ይሰፈርላቸው» አለ። ሰዉም ልክ ነው ብሎ ተስማማ።

«ሳምንት አልሞላም» አሉ ሼሁ። «ትልልቆቹ ጭራሽ ተረፋቸው። ትንንሾቹ በረሃብ ወደየእናታቸው ሸሹ። ሰውየው እስኪሞት ድረስ ‹ሒሳቡ ልክ ነበር› ይል ነበር አሉ፤ አላህ ይዘንለት።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን ተውኩት።

እቤት ገብቼ ሳልቀመጥ ሠራሁት። በመስመሩ መሠረት ባለ ሁለት ግራም ጫጩት፣ ግራም ለግራም ሲታይ፣ የባለ መቶ ግራሙን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። ሺህ ጫጩት የሚተነፍሰው አርባ አራት ትልቅ ዓሣ የሚተነፍሰውን ነው። ሃያ በያዘ በርሜል አርባ አራት አስገባሁ። አድማሴ ምሳ ባይበላም ሳይደርሱ ያልቁ ነበር።

የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ያውም በአምስት ደቂቃ።

መጋቢት 19

ዛሬ እነግራታለሁ።

መጋቢት 20

አልነገርኳትም። ስብሰባ ነበረ።

መጋቢት 22

ስብሰባ አልነበረም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል... እኔን ደግሞ የሚቀሰቅሰኝም የለ። ለየሻለም ብቻ ነገርኳት። ሥራዋን ሳታቋርጥ ሰማችኝና፣ «ልጅቷ ብትሄድ ማን ይጠየቃል?» አለችኝ።

መጋቢት 24

ነገርኳት። ኩሬው ዳር፣ ቆሜ። ለመቀመጥ ድፍረቱ አልነበረኝም። ወረቀቱን አሳየኋት፣ መስመሩን አሳየኋት፣ አርባ አራቱን አሳየኋት።

ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሁልጊዜም ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

«እኔስ አፉ ብያለሁ፣ ቲቸር» አለች። ይቅር ማለቷ ነው። «እኔ ራሴም አይበዛም ወይ ብዬ ጠይቄ ዝም ያልኩ ነኝ። አድማሴ ግን ምን አደረገ? ልጆቹ እኮ ትምህርት ቤት ‹የምሳ ልጆች› ነው የሚባሉት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሁለቱም የኔ ትምህርት ቤት ናቸው። እንዴት ሳልሰማ ቀረሁ?

«እሄዳለሁ» አልኳት።

«ይሂዱ። ከእሱ ሌላ መኪናም የለኝም።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ቪዛው ወጥቷል። ሰዲቅ ከዒድ በኋላ መልስ ይፈልጋል... ስንት እንጫን?»

«ሦስት በርሜል። በበርሜል ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ከጥቅምት በፊት ቢሆን «አዎ» እል ነበር። ዛሬ የለካሁባቸውን ቀናት በሙሉ ከደብተሩ አነበብኩላት። አምስት ቀን። እሷም ጣቷን በየቁጥሩ ላይ እያሳረፈች ተከተለችኝ።

ሚያዝያ 3

አድማሴ ቤት ሄድኩ። ጎማ እየቀየረ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ቀና አላለም። ብሎኑን አጠበቀ፣ ሁለተኛውን አጠበቀ።

«ግንቦት ላይም እኮ በልቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «እዚያው አቀስታ። እዚያው ቤት። ትልልቆቹን ጭኜ። አንድ አልሞተም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቁኝ?»

አልጠየቅሁትም። ሠላሳ ዓመት «ከመደምደማችሁ በፊት አነጻጽሩ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም።

«በሰው ፊት ነው የተናገርኩህ። በሰው ፊት እመልሰዋለሁ» አልኩት።

«እሱን እንደፈለጉ። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው።» እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ። «አብረውኝ ይሂዱ። ዓሣውን ጭነን ስንመለስ አቀስታ ላይ ምሳ ይጋብዙኛል።»

«ዓሣው መኪናው ላይ እያለ?»

«እያለ።»

ለማሰብ ጊዜ ስጠኝ ልለው ነበር። ፊቱን አየሁና እሺ አልኩ።

ሚያዝያ 8

ፋሲካ። ሼሁ እንቁላል ላኩልን። ልቤ አቀስታ ነው።

ሚያዝያ 13

ዒድ። እነ ሼሁ ቤት ለክርስቲያን ጎረቤት እንደ ልማዱ ለብቻ በግ ተሰጥቶን፣ አርደን፣ ለብቻ ተሠርቶልን፣ አብረን በላን። ሰዲቅ በስልክ ደውሎ ለሁሉም ሰላምታ ሲያዳርስ እኔ ጋ ደረሰ። «ጋሼ፣ ምከሯት እስቲ» አለኝ። «አንድ ሳምንት ስጠን» አልኩት። «ስጠን» ማለቴን በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

ሚያዝያ 20

ሐይቅ። ጫጩቶቹን የሚሸጡልን ሰዎች ከትናንት ጀምሮ ምግብ ከልክለዋቸዋል። ሆዳቸው ባዶ ሲሆን ትንፋሻቸው ይቀንሳል፣ ውኃውም አይበላሽም። የሁሉም ጾም አልፎ የነሱ ገባ።

አድማሴ ከትናንት ወዲህ ያናገረኝ ቃል ሃያ አይሞላም።

ሚያዝያ 21

ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ሦስት በርሜል፣ አንድ ሺህ ሃምሳ ጫጩት። መንገዱን ሙሉ በኋላ መስኮት ስመለከት አንገቴ ተጣመመ። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ለዓሣው ጥሩ ነው፤ ብርድ ትንፋሽ ይቆጥባል አልኩ። አድማሴ «ለሰውስ?» አለና ጋቢውን ወረወረልኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አቀስታ። ከምግብ ቤቱ ፊት አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። ውኃው መናጡን አቆመ። ጸጥታው ተሰማኝ።

ገባን። ጥብስ አዘዘ። ጥብሱ እስኪደርስ እጁን ታጠበ፣ ተመልሶ መጣ፣ ባለቤቱን ስለ ልጁ ሠርግ ጠየቀው። እኔ መሣሪያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ስነሣ፦

«ወዴት?»

«አንዴ ልይ።»

«ቁጭ ይበሉ። ቁጥሩን ያምኑታል አይደል?»

አምነዋለሁ? ወረቀት ላይ አምነዋለሁ። ከውጭ ግን ሦስት በርሜል ቆሟል፤ ከበርሜሎቹ ኋላ ኩሬ አለ፣ ልጅቷ አለች፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ሼህ አሉ። ፈራሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጥቅምት ላይ ሺህ ስላት ምንም አልፈራሁም ነበር። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ተቀመጥኩ። አጎረሰኝ። አኝኬ ዋጥኩ፤ ጣዕሙን አላውቀውም። ሻይ አዘዘ። ሻዩን ጨርሶ ሌላ አዘዘ። አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ። ከዚያ ከመቀመጫው ተነሣና፣

«አሁን ይዩ» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ አይሱዙ ላይ በዝላይ ወጣሁ። ከፈትኩ። ጥቁር ጥቁር ጀርባ፣ ሁሉም ወደ አንድ በኩል እየዞሩ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። መሣሪያውን ነከርኩት፤ ቁጥሩ ወርዷል፣ ግን አደገኛው ጋ ለመድረስ ገና ብዙ ይቀረዋል። ወረቀቱ ላይ ከጻፍኩት በጥቂት ብቻ ነው የሚለየው።

ከላይ ሆኜ አድማሴን አየሁት። በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ ነው።

«ጥብሱ ጥሩ ነበር» አልኩት።

«አልበሉትም እኮ» አለኝ። ሳቀ። ከጥቅምት ወዲህ የመጀመሪያው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኩሬው ደረስን። ያ ሁሉ ሰው እንደገና ተሰብስቧል። በርሜሎቹ ሳይወርዱ «አንዴ ስሙኝ» አልኩ። በጥቅምት የገደላቸው የኔ ሒሳብ እንጂ የአድማሴ ምሳ አይደለም አልኩ። እንዲያጥር አስቤ ነበር፤ አላጠረም፣ አስተማሪ ነኝ። ጭራሮና ጉቶ ድረስ ሄድኩ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ ዛሬ አቀስታ ላይ ማን በላ?» አለ።

«እኔ» አልኩ። «ከአድማሴ ጋር። አንድ ሰዓት ከዐሥር።»

ሳቁን ኩሬው ማዶ ያለው ሰው ሳይሰማው አልቀረም። ፈርሂያ የሻይ ማጥለያዋን ይዛ ቆጠረች። ዛሬ የቆጠረችው የሞቱትን ነው። ዐሥራ ሁለት። ማጥለያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያኔ ያላለቀሰችውን ዛሬ አለቀሰችው። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው የጥቅምቱን ዱዓ ጨረሱት።

ሚያዝያ 25

ፈርሂያ ለሰዲቅ መልሷን ነግራዋለች። እዚሁ ነች። ሼሁ ከትናንት ጀምሮ ያገኙትን ሰው ሁሉ «ልጄ እኮ ሥራ ይዛለች» ይሉታል፤ ያልጠየቃቸውንም።

ግንቦት 12

ቅዳሜ። ጫጩቶቹ አራት ግራም ገብተዋል። ፈርሂያ ጎኔ ቁጭ ብላ፦ «ቲቸር፣ እጥፍ ሆኑ አይደል? ምግቡንም እጥፍ ላድርገው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። እጥፍ ከሰጠቻቸው ይተርፋል፣ ውኃውን ያበላሻል። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ቆይ፣ ልለካ» አልኳት።

አራት ሰዓት ፈጀብኝ። ቸኩላ አታውቅም፤ ሁለተኛ ኩሬ የት ብታስቆፍር እንደሚሻል በእንጨት መሬት ላይ እየሣለች ጠበቀችኝ።

ሽቅብ ስመለስ የአድማሴ መኪና በጎኔ አለፈ። መንገድ ዳር ልጆች ነበሩ፤ የአድማሴ ሁለቱም አሉበት። መኪናውን ዝም ብለው አሳለፉት። እኔ ስደርስ ግን ከአድማሴ ልጆች ትንሿ፣ በጣም ደፋሯ፣ ወደ ፊት ወጣች።

«ምሳ! ምሳ!»

ሌሎቹም ተቀበሏት። ቆምኩ። ደብተሬን ወደ ግራ ብብቴ አዛወርኩና በቀኝ እጄ ሰላም አልኳቸው።

ለየሻለም ገና አልነገርኳትም። ስትስቅ እንጀራ ያንቃታል።